የገንዘብ ወንጀል ስጋትና የኢንቨስትመንት ሁኔታ፦ ከዓለም ሚዛን እስከ ወላይታ ሶዶ



በዘመናችን አገሮችም እንደ ሰው ይመዘናሉ። አንድ ነጋዴ ለጎረቤቱ ገንዘብ ከማበደሩ በፊት «ይህ ሰው ታማኝ ነው? ቃሉን ይጠብቃል? ከማን ጋር ይውላል?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የዓለም ባንኮችና ባለሀብቶችም ገንዘባቸውን ወደ አንድ አገር ከመላካቸው በፊት ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠይቃሉ። መልሱ በመዝገብ ይጻፋል። በዚያ መዝገብ ላይ የተጻፈው ነገር ደግሞ በአዲስ አበባ ያለውን ባንክ ብቻ ሳይሆን፣ ደቡብ አፍሪካ ካለው ልጇ ገንዘብ የምትጠብቀውን የሶዶ እናት፣ ከውጭ አገር ወንድሞች እርዳታ የምትቀበለውን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን፣ በአረካ ወይም በቦዲቲ ትንሽ ፋብሪካ ለመትከል የሚያስበውን ወጣት ጭምር ይነካል።

«ይህ የባንክ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ ለምእመን ምን ይፈይዳል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ጌታችን በሉቃስ 14፥28 ላይ ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲቆጥር አስተምሮአል። መቁጠርና መመዘን የእምነት ማነስ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ አገር በገንዘብ ወንጀል ስጋትና በኢንቨስትመንት ሁኔታ እንዴት እንደሚመዘን፣ ኢትዮጵያ በዚህ ሚዛን ላይ ያለፈችበትን መንገድ፣ በመጨረሻም ይህንኑ ሚዛን ወደ ወላይታ ብናመጣው ምን እንደሚያሳየን እንመለከታለን።

1. አገር የሚመዘነው እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1989 ሰባቱ ባለጸጋ አገሮች በፓሪስ ባደረጉት ስብሰባ የፋይናንስ ወንጀልን የሚከታተል ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል አቋቋሙ። በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ «ፋትፍ» ተብሎ ይጠራል። የመጀመሪያ ዓላማው ከአደንዛዥ ዕፅ ንግድ የሚገኘው ገንዘብ በባንክ አልፎ «ንጹሕ» እንዳይሆን መከላከል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2001 በኋላ ሽብርተኝነትን በገንዘብ መርዳትን መከላከል ተጨመረበት። አገሮች ሁሉ እንዲፈጽሙአቸው የሚጠበቁ 40 ምክረ ሐሳቦች አሉት።

በሕጋችን ቋንቋ ይህ ወንጀል «በወንጀል ድርጊት የተገኘ ገንዘብን ወይም ንብረትን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ» ይባላል። በተለምዶ «ገንዘብ ማጠብ» እንለዋለን። ሌባ የሰረቀውን ገንዘብ እንዲሁ ቢያወጣው ይያዛል። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ባንክ ወይም ወደ ንግድ ያስገባዋል፤ ቀጥሎም ምንጩ እንዳይታወቅ ከእጅ ወደ እጅ ያዘዋውረዋል፤ በመጨረሻም ቤት፣ መኪና ወይም ድርጅት ገዝቶበት እንደ ሐቀኛ ሰው ይቀመጣል።

መዛኞቹ አንድን አገር ሲመዝኑ በአጭሩ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። አንደኛ፣ ስጋቱ ምንድን ነው? ማለትም በአገሩ ውስጥ ቆሻሻ ገንዘብ የሚያመነጩት ወንጀሎች የትኞቹ ናቸው? ሙስና ነው? ኮንትሮባንድ ነው? የሰዎች ዝውውር ነው? ሁለተኛ፣ ተጋላጭነቱ ምን ያህል ነው? ሕጉ ደካማ ነው? አብዛኛው ግብይት በጥሬ ገንዘብ ነው? የድርጅቶች እውነተኛ ባለቤት አይታወቅም? ሦስተኛ፣ ቢከሰት የሚያስከትለው ጉዳት ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሚዛኑ ሕግ መጻፉን ብቻ አይመለከትም። ከ40ዎቹ ምክረ ሐሳቦች ሌላ በተግባር ምን ያህል ውጤት እንደተገኘ የሚለካባቸው 11 መለኪያዎች አሉ። ስንት ክስ ተመሠረተ? ስንት ንብረት ተወረሰ? ባንኮች አጠራጣሪ ነገር ሲያዩ በእርግጥ ሪፖርት ያደርጋሉ? ያዕቆብ ቃሉን ሰምቶ ስለማያደርግ ሰው የተናገረውን የሚያስታውስ አንባቢ ይህ አሠራር አይገርመውም።

ጉድለት የተገኘበት አገር በሁለት ዓይነት መዝገብ ሊገባ ይችላል። ጉድለቱን ለማረም ቃል ገብቶ በክትትል ሥር ያለው «ግራጫ መዝገብ» በሚባለው ይሰፍራል። እጅግ አስጊ የተባለው ደግሞ «ጥቁር መዝገብ» በሚባለው ይሰፍራል።

2. ኢትዮጵያ በመዝገቡ ላይ

አገራችን በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ አልፋለች። የመጀመሪያው የፀረ ገንዘብ ማጠብ አዋጅ ቁጥር 657/2001 ወጥቶ የፋይናንስ ደህንነት መረጃ ማዕከል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ይሁን እንጂ በፌብሩዋሪ 2010 ፋትፍ ስማቸውን ከጠቀሳቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከዚያ በኋላ ሕጉ ተሻሽሎ አዋጅ ቁጥር 780/2005 ወጣ፤ አገሪቱም የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የፀረ ገንዘብ ማጠብ ቡድን አባል ሆነች። በኦክቶበር 2014 ከክትትሉ ወጣች።

ነገር ግን እፎይታው ብዙ አልቆየም። በ2015 የወጣው የግምገማ ሪፖርት ሕጉ ቢኖርም አፈጻጸሙ ደካማ እንደሆነ አሳየ። በፌብሩዋሪ 2017 ኢትዮጵያ እንደገና ወደ ግራጫው መዝገብ ገባች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2018 ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ አሰለፋት። ብዙ ሥራ ከተሠራ በኋላ በኦክቶበር 2019 ከስሪላንካና ከቱኒዝያ ጋር ከግራጫው መዝገብ ወጣች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2020 ስሟን ከዝርዝሩ ሰረዘ። ማዕከሉ ዛሬ የፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ይባላል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ2005ቱን ሕግ የሚተካ አዲስ አዋጅ አጽድቆአል።

በመዝገብ ላይ መስፈር ምን ያስከትላል? የዓለም የገንዘብ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ አንድ አገር ወደ ግራጫው መዝገብ ሲገባ ወደዚያ አገር የሚፈስሰው ካፒታል በአማካይ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርቱ 7.6 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አመልክተዋል። ይህ ለተራው ሰው ምን ማለት ነው? የውጭ ባንክ ከዚያ አገር ባንክ ጋር ለመሥራት ያመነታል። ዕቃ ለማስመጣት የሚከፈት ሰነድ ይዘገያል። ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ብዙ ጥያቄ ይጠየቅበታል፤ ክፍያውም ይጨምራል። ለወላጅ አልባ ሕፃናት እርዳታ የሚልክ የውጭ ማኅበር ሳይቀር በባንኩ «ይህ ገንዘብ በእርግጥ የት ይደርሳል?» ተብሎ ይጠየቃል።

መውጣት ግን ይቻላል። ሞሪሸስን እንመልከት። የሕዝብ ብዛቷ 1.3 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ከወላይታ ዞን ሕዝብ ያነሰ ማለት ነው። ኑሮዋ ግን በእጅጉ በፋይናንስ አገልግሎት ላይ የተመሠረተ ነው። በፌብሩዋሪ 2020 ወደ ግራጫው መዝገብ ስትገባ ነገሩን እንደ ብሔራዊ አደጋ ቆጥራ ሠራችበት፤ በኦክቶበር 2021 ወጣች። ብዙ ወንድሞቻችን የሚኖሩባት ደቡብ አፍሪካም በፌብሩዋሪ 2023 ገብታ በኦክቶበር 2025 ወጥታለች። ጎረቤታችን ኬንያ በፌብሩዋሪ 2024 ገብታለች። እንግዲህ መዝገቡ የትልቅና የትንሽ አገር አድልዎ የለውም፤ ቸል ያለ ሁሉ ይገባበታል፣ የተጋ ሁሉ ይወጣበታል።

3. የኢንቨስትመንት ሁኔታስ?

የወንጀል ስጋት የሚዛኑ አንዱ ወገን ብቻ ነው። ባለሀብት ሌላም ይጠይቃል። ሰላም አለ? ሕጉ ዛሬ ተጽፎ ነገ አይለወጥም? ያተረፍኩትን ማውጣት እችላለሁ? መሬትና መብራት ያለ ጉቦ ይገኛል? ክርክር ቢነሣ ፍርድ ቤቱ እውነተኛ ነው?

የዓለም ባንክ «ቢዝነስ ለመሥራት ምቹ» የሆኑትን አገሮች በሚያወጣበት በ2020 ሪፖርት ኢትዮጵያ ከ190 አገሮች 159ኛ ነበረች። የሚገርመው ግን ይህ ሪፖርት ራሱ በቁጥሮቹ ላይ ያልተገባ ጣልቃ ገብነት መደረጉ ስለተደረሰበት በሴፕቴምበር 2021 ተቋርጦአል። የሚመዝነውም መመዘን እንደሚያስፈልገው ከዚህ እንማራለን። ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ስለ ሙስና በሚያወጣው መለኪያ ኢትዮጵያ በ2024 ከ100 ነጥብ 37 አግኝታ ከ180 አገሮች 99ኛ ሆናለች።

ለበጎም ለክፉም የተለወጠ ነገር አለ። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ለውጭ ባለሀብት የተከፈቱትን ዘርፎች አሰፋ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዲሴምበር 2024 የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፈተ። በጃንዋሪ 2025 የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀመረ። በሌላ በኩል ግን አገሪቱ በዲሴምበር 2023 የአንድ ቢሊዮን ዶላር የውጭ ቦንድ ወለድ የሆነውን 33 ሚሊዮን ዶላር ሳትከፍል ቀርታለች፤ በየክልሉ ያለው ግጭትም ለባለሀብት ትልቅ ጥያቄ ሆኖአል።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ታሪክ ነገሩን በቅርብ ያሳየናል። ፓርኩ በ2016 ሲመረቅ ከደቡብ ልዩ ልዩ ዞኖች፣ ከወላይታም ጭምር፣ ወጣት ሴቶች ለሥራ ሄደዋል። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ለአፍሪካ ምርቶች የምትሰጠውን ከቀረጥ ነጻ ዕድል ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ዘጋች። ከዋና ዋናዎቹ ድርጅቶች አንዱ ከዚያ በፊት ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። በአንድ ሩቅ ከተማ የተፈረመ ውሳኔ በወላይታ ገጠር ያለችውን የአንዲት ልጅ ደመወዝ አቋረጠ ማለት ነው። የአገር ስም መመዘኑ የእኛም ጉዳይ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

4. ሚዛኑን ወደ ወላይታ ስናመጣው

ወላይታ በ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራ 1,501,112 ሕዝብ ነበራት፤ የሶዶ ከተማ ነዋሪም 76,050 ነበር። በዚያው ቆጠራ ከዞኑ ሕዝብ ከግማሽ በላይ ፕሮቴስታንት ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዞኑ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው፤ ሶዶም ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ናት።

በጎውን በመጀመሪያ እንቁጠር። ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ሻሸመኔና ወደ ዳውሮ የሚወስዱ መንገዶች የሚገናኙባት ናት፤ ስለዚህ ከጥንት የገበያ አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ አላት። በ1,870 ሜጋ ዋት የተገነባው የጊቤ ሦስት ግድብ በዞኑ ድንበር ላይ ይገኛል። ሕዝቡ ሠራተኛ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመተማመን ሀብት አለ። እ.ኤ.አ. በ1928 ሚስዮናውያን ወደ ወላይታ መጡ፤ ጣልያን ወርሮ በ1937 ሲያስወጣቸው የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን አማኞቹ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሆነው አገኙአቸው። በእነዚያ ዓመታት ያለ ውጭ ገንዘብ፣ በእስራትና በግርፋት መካከል፣ ሽማግሌዎቹ የድሆችን መባ ይዘው ቤተ ክርስቲያንን አሳደጉ። በዚህ ታማኝነት የተገኘ ስም ዛሬም አለ። «አማኝ ነው» ከተባለ ሰው ያምነዋል።

ተጋላጭነቱንም እንቁጠር። የእርሻ መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። በቦሎሶ ቦምቤና በአካባቢው የብዙ ቤተሰብ የገንዘብ ምንጭ የነበረው ዝንጅብል በ2012 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በተነሣው የአጠውልግ በሽታ ጠፋ፤ ገበሬው ጥሬ ገንዘብ የሚያገኝበትን ሰብል በአንድ ጊዜ አጣ። በቅርብ ዓመታት የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲዘገይ ታይቶአል። ወጣቱ ሥራ የለውም። አብዛኛው ግብይት በጥሬ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ችግር፣ ተስፋ መቁረጥና መተማመን በአንድ ቦታ ሲገናኙ አታላይ የሚፈልገው ምቹ እርሻ ተዘጋጀ ማለት ነው። ያ የመተማመን ሀብታችን ጠባቂ ካላገኘ ቀዳዳችን ይሆናል።

5. ልናውቃቸው የሚገቡ አራት በሮች

ሀ) የስደት ደላላ። ከሐዲያ፣ ከከምባታና ከወላይታ ብዙ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛንያና በማላዊ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። ቤተሰብ በሬ ሸጦ፣ መሬት አስይዞ ለደላላ ይከፍላል። የመንገዱ ፍጻሜ ምን እንደሚሆን ዓለም አይቶአል፤ በማርች 2020 በሞዛምቢክ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኝቶአል፤ በዲሴምበር 2022 በዛምቢያ ሉሳካ አጠገብ የ27 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ሜዳ ላይ ተጥሎ ተገኝቶአል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በከባድ ቅጣት ይቀጣል። የደላላው ገንዘብ ግን በኋላ ፎቅና ሚኒባስ ሆኖ በመካከላችን ይቆማል፤ አንዳንድ ጊዜም ትልቅ መባ ሆኖ ወደ መሠዊያው ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ሰጪውን ከማመስገንዋ በፊት የገንዘቡን ምንጭ ብትጠይቅ ፍቅር ማጣት አይደለም።

ለ) የጓሮ ሐዋላ። አሠራሩ ቀላል ነው። ወንድማችን በጆሃንስበርግ ራንዱን ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ የዚያ ሰው ባልደረባ ሶዶ ላይ ለእናቲቱ ብር ይከፍላል። ድንበር የተሻገረ ገንዘብ የለም። ታዲያ ራንዱ ምን ሆነ? ለኮንትሮባንድ ዕቃ መግዣ፣ ከአገር ለሚሸሽ የሙስና ገንዘብ ወይም ለዚያው ደላላ ክፍያ ሊውል ይችላል። የእናቲቱ ንጹሕ ገንዘብ የሌላው ቆሻሻ መሸፈኛ ሆነ። ሰዎች ይህን መንገድ የሚመርጡት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። አንዳንዱ በሰው አገር የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው ባንክ መግባት አይችልም፤ አንዳንዱ በባንኩና በጥቁር ገበያው ምንዛሪ መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ስቦት ነው። ገንዘቡ ቢጠፋ ግን ከሳሽም ተከሳሽም የለም፤ አገርም የውጭ ምንዛሪ ታጣለች። አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2009 ከኢትዮጵያ በሕገ ወጥ መንገድ የወጣውን ገንዘብ 11.7 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ አደጋ አለ፤ «የባንክ ሒሳብህን ለአንድ ቀን አውሰኝ፣ ገንዘብ ይገባልኛል» የሚል ወዳጅ። አዋጅ ቁጥር 780/2005 የገንዘቡን ምንጭ እያወቀ የተባበረውን ብቻ ሳይሆን፣ ማወቅ ሲገባው ቸል ያለውንም ተጠያቂ ያደረገ ሕግ ነው።

ሐ) «ሰው አምጣና ትከፈላለህ» የሚሉ ማኅበራት። ዛሬ በስልክ መተግበሪያ፣ ነገ በመድኃኒት ሽያጭ፣ ከነገ ወዲያ በዲጂታል ገንዘብ ስም ይመጣሉ። መሠረታቸው ግን አንድ ነው፤ ትርፉ ከሥራ ሳይሆን ከአዲስ ገቢዎች መዋጮ ነው የሚከፈለው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይህን የፒራሚድ ሽያጭ ይከለክላል። ለምን እንደሚፈርስ በሒሳብ እንየው። አንድ ሰው አምስት ሰው ያመጣል እንበል፤ እያንዳንዱም አምስት አምስት ያመጣል። 5፣ 25፣ 125፣ 625፣ 3,125፣ 15,625 እያለ በሰባተኛው ዙር 78,125 ይደርሳል። ይህ በ1999ኙ ቆጠራ ከነበረው የሶዶ ከተማ ሕዝብ በሙሉ ይበልጣል። በዘጠነኛው ዙር 1,953,125 ይሆናል፤ በዚያው ቆጠራ ከነበረው የዞኑ ሕዝብ ይበልጣል፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ተቆጥረው። የመጨረሻው ዙር የሚያመጣው ሰው ስለማያገኝ ይከስራል፤ ከገቡት ሁሉ አብዛኞቹ ደግሞ ሁልጊዜ በመጨረሻው ዙር ያሉት ናቸው። እንዲህ ያለው ነገር በወንድማማች ኅብረት ውስጥ እንደ እሳት ይዛመታል፤ ምክንያቱም የሚጋብዝህ እንግዳ ሰው ሳይሆን አብሮህ የሚጸልየው ነው። ሲፈርስም ገንዘብ ብቻ አይጠፋም፤ ኅብረቱም ይፈርሳል።

መ) የራሳችን ካዝና። ይህን መናገር ይከብዳል፤ ነገር ግን መሸሸግ አይገባም። ብቻውን ገንዘብ የሚቆጥር ገንዘብ ያዥ፣ ደረሰኝ የሌለው ወጪ፣ በመሪው የግል ሒሳብ የሚገባ የውጭ እርዳታ፣ ለዓመታት ኦዲት ያልተደረገ የግንባታ መዋጮ፤ እነዚህ ሁሉ ለወንጀል የተከፈቱ በሮች ናቸው። ሰውየው ሌባ ባይሆንም ራሱን የሚከላከልበት ማስረጃ የለውም። ዓለም አቀፉ ግብረ ኃይል ከ40 ምክረ ሐሳቦቹ አንዱን፣ ስምንተኛውን፣ ለትርፍ ላልቆሙ ማኅበራት የሰጠው በበጎ አድራጎት ስም የሚያልፍ ክፉ ገንዘብ ስላለ ነው።

6. እንግዲህ ምን እናድርግ?

በዕዝራ 8፥24-34 አንድ ድንቅ ታሪክ አለ። ዕዝራ ከባቢሎን ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ ለቤተ መቅደስ የተሰጠ ብዙ ብርና ወርቅ ነበረው። አሥራ ሁለት የካህናት አለቆችን መረጠ፤ ሌሎችም ወንድሞች ከእነርሱ ጋር ነበሩ። ሁሉንም መዝኖ በእጃቸው ሰጣቸው። ከረጅም ጉዞ በኋላ በኢየሩሳሌም እንደገና ተመዘነ፤ ቁጥሩና ሚዛኑ ተጻፈ። ዕዝራ እነዚህን ካህናት አልተጠራጠራቸውም፤ ቅዱሳን ብሎ ነው የጠራቸው። ሆኖም መዘነ። ስንወጣ መመዘን፣ ስንደርስ መመዘን፣ ከአንድ ሰው በላይ ማቆም፣ በጽሑፍ ማስፈር፤ ዛሬ ኦዲት የምንለው ሥርዓት በሙሉ በዚህ ውስጥ አለ። ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21 ለድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን ሊይዝ አልወደደም፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ተናግሮአል።

ስለዚህ ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት፦

- መባና አሥራት ቢያንስ በሦስት ሰዎች ይቆጠር፤ በዕለቱ ይፈረም፤ ሳያድር ወይም በማግስቱ ባንክ ይግባ።
- ሒሳቡ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ይከፈት፤ ያለ ሁለት ፊርማ ገንዘብ አይውጣ።
- ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ ላኪው፣ ምክንያቱና የዋለበት ነገር በጽሑፍ ይኑረው። የልማት ሥራ የሚሠራ ክፍል በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ይመዝገብ።
- በየዓመቱ ኦዲት ይደረግ፤ ውጤቱም ለጉባኤው ይነበብ።
- መድረክ ለማንኛውም የግል ንግድ ማስተዋወቂያ አይሰጥ። «ወንድማችን ስለ በረከት ሊነግረን ነው» ተብሎ የጀመረው በፎርም ሙሉ ሊጨርስ ይችላል።

ገንዘቡን በሥራ ላይ ሊያውል ለሚያስብ ምእመን ደግሞ አምስት ጥያቄዎች፦

- ትርፉ ከምን ሥራ ይመጣል? በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ካልተቻለ ተወው።
- ተስፋው ከተለመደው ምን ያህል ይርቃል? ብሔራዊ ባንክ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲያደርግ ለዓመት ነበር፤ በወር 30 በመቶ የሚል ሰው ምን እየሸጠ ነው?
- የንግድ ፈቃዱና እውነተኛ ባለቤቱ ይታወቃል? ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ራስህ ሄደህ ጠይቅ።
- ብወጣ ገንዘቤን በምን ሕግ አስመልሳለሁ? በየትኛው ፍርድ ቤት?
- ለምን ያስቸኩሉኛል? የእግዚአብሔር በረከት «ዛሬ ማታ ይዘጋል» አይልም።

በወላይታ በጎ አማራጭ የለም አይባልም። እቁብና እድር አሉ። ሴቶች በየሳምንቱ ጥቂት ብር እየቆጠቡ እርስ በርስ የሚበዳደሩባቸው ቡድኖች አሉ። የቁጠባና ብድር ማኅበራት፣ ማይክሮ ፋይናንሶችና ባንኮች አሉ። ቀድሞ ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ የነበረው ተቋም ዛሬ ባንክ ሆኖአል። እነዚህ በአንድ ሌሊት ባለጸጋ አያደርጉም። ነገር ግን መዝገባቸው በግልጽ ይታያል፤ ሰዎቹ ይተዋወቃሉ፤ ገንዘቡ ዶሮ፣ በግ፣ የልብስ ስፌት መኪና ይሆናል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ መንገድ ቆሞአል። ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጅ የሚልከውም ገንዘብ በባንክ ቢመጣ፣ ሕጋዊ ማስረጃ ስለሚኖረው ነገ ብድር ለመጠየቅ ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

ኢትዮጵያን ከግራጫው መዝገብ ያወጡአት በአዲስ አበባ ያሉ ሕግ አርቃቂዎች ብቻ አይደሉም። አጠራጣሪ ነገር አይቶ ሪፖርት ያደረገ የባንክ ሠራተኛ፣ ጉቦ ያልተቀበለ መርማሪ፣ ደረሰኝ የጠየቀ ነጋዴም ድርሻ አላቸው። የአገር ስም የሚሠራው ከእነዚህ ትንንሽ ታማኝነቶች ነው፤ ጌታም በሉቃስ 16፥10 በጥቂቱ የታመነ በብዙም እንደሚታመን አስተምሮናል።

በወላይታ ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ የወንጌል አማኝ ነው ካልን፣ በወላይታ የሚታየው የገንዘብ አያያዝ የወንጌሉ ምስክርነት መሆኑ አይቀርም። በዳሞታ ተራራ ሥር በስደት ዘመን መባን በታማኝነት የያዙት አባቶች ያስረከቡን ስም አለ። አንድ ባለሀብት ወደ ሶዶ መጥቶ «እዚህ አገር ሰዉ ይታመናል?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ በእኛ ካዝና፣ በእኛ ሚዛንና በእኛ ደረሰኝ ላይ ተጽፎ ሊያገኘው ይገባል።

እግዚአብሔር ማስተዋልን ያብዛልን። አሜን።